ውሃ ልክ

ፍራንኮ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ባለ አንድ በር ሱቅ፤
ስልክ እጠግናለሁ፣ የሰው ፎቶ ሳልሰርቅ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጃለኔ መጣች፤
የጫማ ካርቶን ከፊቴ አስቀመጠች።
ውስጡ ሄሊኮፕተር፣ ከክንዴ የሚያንስ፣
አባቷ በተሳቢው ከጅቡቲ ሲመለስ
ገዝቶ ያመጣላት፤ ጭራው በፕላስተር የታሰረ።
«ሊነሳ ሲል በግራ ይደፋል፤ አንድ ቀን እንኳ አልበረረ።
ሐሙስ አባቴ ይገባል፤ ሲበር ማየት ነው ጉጉቱ።
ትችላለህ?»
«ያልቻልኩት የለም» አልኩ፤ ጠጋኝ አይጠፋም ትዕቢቱ።

ባትሪውን ሞልቼ ወለሉ ላይ አቆምኩት፤
በአውራ ጣቴ ጫፍ ቀስ አድርጌ ገፋሁት፤
ክንፉ ዞረ፣ አፏጨ፣ አቧራ አስነሳ፣
አንድ እግሩን አነሳ፣
ከዚያ
ድፍት።
በጀርባው እንደ ወደቀ ጢንዚዛ ሲንፈራገጥ፣
ጃለኔ ዞር አለች፣ እንዳላይ ፊቷ ሲለዋወጥ።

ክንፉን ጠረጠርኩ። የወርቅ ሠሪ ሚዛን ተውሼ መዘንኩ፤
አንዱ ካንዱ ቀለለ፤ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፍኩ።
ድፍት።
ዘንጉን ፈታሁና መስታወት ላይ አንከባለልኩት፤
ነጠር ነጠር ሲል ቆልመም ማለቱን አየሁት፤
አቃናሁት በጉጠት፣ በትንፋሼ መጠን።
ድፍት።
ከክንፉ ሥር ያለችው ሳንቲም የምታህል ሳህን
አዘንብላ አገኘኋት፤ ብሎኗን ግማሽ ዙር አላላሁ።
ሰኞም ማክሰኞም እንዲያ ስል ምሳዬን መብላት ረሳሁ።

ጎረቤት ሁሉ መሐንዲስ ሆነ፤ ባለ ባጃጁ «ጭራው ከብዶታል» አለኝ፤
ሙዝ የምትሸጠው «ዓይን ገብቶበት ነው» ብላ አዘነችልኝ።
«ነፋሱ ይሆናል» አልኩ፤ የአዳማ ነፋስ መች ያርፋል፣
ኮረብታው ላይ ያሉት ነጫጭ ክንፎች ጠግበው የተዉት በእኔ በር ያልፋል።
በሩን ዘጋሁ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ቆርቆሮ፣
ላቤ ባፍንጫዬ ሲወርድ፣ ጆሮዬን ሞልቶት የሞተር እሮሮ፣
ድፍት።

ረቡዕ ማታ ከዘንጉ አንዲት የኩሽኔታ ብይ አመለጠችኝ፤
ማንም ሳይገፋት፣ ተንከባልላ፣ እያየኋት ሄደችብኝ፤
ከመደርደሪያው ሥር፣ ከግራው ጥግ ገባች።
በስልክ መብራት ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ከጓደኞቿ ጋር ተኝታለች።
የጠርሙስ ክዳን፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣
የአንድ ብር ሳንቲሞች። ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ ሳላርፍ።

አስራ አራት ብር።
ምንተስኖት የሚባል ልጅ እዚህ ይሠራ ነበር።
«ዝርዝር ይጎድላል» ብዬ ሰው ፊት ኪሱን አስፈተሽኩት፤
መፍቻውን ጠርጎ አስቀመጠ፣ አልማለም፤ ሲወጣ ዝም ብዬ አየሁት።

ግንበኛው በዳሶ፣ ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ውሃ ልክ አዋሰኝ፤
ወለሉ ላይ ሳጋድመው አረፋዋ ሸሸች ወደ ቀኝ።
ሁለት ጣት ሙሉ። አስራ አንድ ዓመት የቆምኩበት፣
ሻዬ በግራ ሲፈስ ብርጭቆውን የረገምኩበት፣
የግራ ጫማዬ ተረከዝ ቀድሞ ሲያልቅ ጫማ ሰፊውን የሰደብኩበት፣
የጠረጴዛውን እግር በካርቶን የደገፍኩበት።

ሐሙስ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ መረብ ኳስ ሜዳው ሲሚንቶ ላይ፣
አባትየው የመንገድ አቧራውን ሳያራግፍ ቆሞ ሲያይ፣
ጃለኔ በአውራ ጣቷ ገፋችው።
ተነሳ። ቀጥ ብሎ። ጉልበቷን አለፈ፣ ራሷን አለፈ፤
ነፋሱ ወዲያው ነጠቀው፤ የጥበቃው ቤት ጣሪያ ላይ አረፈ።
ሳቁ። ተያይዘው መሰላል ፍለጋ ሮጡ።
እኔ ቀረሁ፣ ልኩ ላይ ቆሜ፣
አንድ እግሬ ያጠረ ይመስል፣ ዘምሜ።

የምንተስኖት ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ።
ብሩ በግራ ኪሴ፣ ስራመድ፣ ተንቃጨለ።