የማጉያው ጉያ

ድምፅ ማጉያ ይሉታል ጉያውን ሳያዩት፤
እኔ ግን ሌት ተቀን ስከፍት ነው የኖርኩት።
ስምንት ብሎን ፈትቼ ፊቴን ሳስጠጋበት
ይወጣል አንድ ሽታ፣ ከሰል ያዳፈኑበት።

አጅማን ነው፤ ነሐሴ፤ ከጎማ ቤቱ ኋላ።
ወበቁ ከባሕሩ እንደ እርጥብ ነጠላ
መጥቶ ፊት ላይ ይለጠፋል፤
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቆርቆሮው ያልባል።
ኢዘዲን በፒክአፕ አራት ሣጥን ጭኖ
ቆመ በራችን ላይ፣ ፊቱ አመድ ሆኖ።
«ሠርጉ መሐል ከዳኝ» አለ፤
«ዘፋኟ አፏን ትከፍታለች፣ ቃሏ ግን የት አለ?
ከበሮው ብቻ ሲያጉረመርም፣ እንደ ከፋው ግመል፣
ሙሽራው ቀና አለ፣ ‹ይሄ ነው ወይ?› ሊል።»

ሰው ሁሉ የሚያማው ጥሩምባውን ነበር፤
ለካሁት፤ ደህና ነው፤ የለበትም ችግር።
የሞተችው ሌላ ናት፤ መሐል ላይ ተቀምጣ
ቀጭኑን ለቀጭን፣ ወፍራሙን ለወፍራም፣ ከመጣው ሁሉ መርጣ
ስታድል የምታመሽ፣
የመጣባትን ኃይል ውጣ የማትሸሽ፤
ነጭ ሬዚስተር፣ ከትንሽ ጣት ያነሰች፣
ሰሌዳውን አጥቁራ እዚያው ላይ የፈረሰች።
ከጎኗ ካፓሲተሩ በትኩሳቷ አብጧል።
በዚያ ሁሉ ጭብጨባ ስሟን ማን ያውቀዋል?

ያስተማረኝ ቢጁ ነው፣ የኬረላው ሰው፤
በግማሽ ዓረብኛ፣ ቀሪውን በእጁ ነው፦
«ድምፅ እሷን አይገድልም፤ ድምፅ አልፎ ይሄዳል፤
የሚገድል ሙቀት ነው፤ መውጫ አጥቶ ይቀራል።»

እንግዲህ ስማ፣ ኢዘዲን።
ፋብሪካው አምስት ዋት ብሎ ያስቀመጣትን
በሃያ እተካለሁ፤ ኦሟ ግን እንዳለ፤
ትከሻዋ ሰፋ እንጂ ልኳ መች ተጓደለ።
ከሰሌዳው በአንድ ጣት ከፍ አደርጋታለሁ፣
ነፋስ በሥሯ እንዲያልፍ፤
ከካፓሲተሩም ራቅ፣
የአንዷ እሳት ለጎረቤት እንዳይተርፍ።
ባለ ሃያው ከገበያ ቢጠፋ
አራት ታናናሾችን ሁለት ሁለት አጣምሬ
ጥንዱን ከጥንዱ ጋር ጎን ለጎን አስሬ፤
ልኩ ያው እዚያው ነው፣ ሙቀቱ ግን ለአራት።
ሃምሳ ሎሚ ያሉት አበው
ሽቦ ሳይነኩ በፊት ይችን ያውቋት ነበር፣ ለካስ፣ ከጥንት።

የቀረው ያንተ ነው።
አምፕሊፋየሩ ላይ ያች ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል
«ሠርጉ ሞቀ» አትበል፤
ድምፁ ጣሪያ ገጭቶ ጫፉ ተቆርጦ ነው፤
ስባሪውም ወደ ቀጭኑ ሰፈር፣ ወደ እሷ ነው የሚዘምተው።
አንድ ጣት ዝቅ አድርገው።
ሠርገኛው አያውቅብህም፤
እሷ ታውቅልሃለች።

ይህን ስል ስልኬ ተንቀጠቀጠ ጠረጴዛው ላይ።
ከሚሴ ነው።
ለእናቴ ቀጭኑን፦ «ደህና ነኝ፤ ሥራው ጥሩ ነው፤ በልቻለሁ።»
ለሙሄ ወፍራሙን፦ «ሦስት ወር ደሞዝ የለም፤
የቪዛው ዕዳ አለ፤ ለእማ እንዳትነግራት፤ እልካለሁ።»
የእህቴን ሕመም ከእሱ ሰምቼ ለእሷ አሳሳዋለሁ፤
የእሷን እንባ ሰምቼ ለእሱ አላደርስም፤
መሐል ላይ የሚቀረውን
መለኪያዬ አያነሣም።

ዘጋሁት።
ካውያው ከተነቀለ ቆይቷል፤
ታዲያ ይህ የሚሸተኝ ምንድን ነው?
ቢጁ ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረው፤
«ቁጭ በል» አለኝ።
አማርኛ አያውቅም። ከሚሴን አያውቅም።
በግማሽ ዓረብኛ፣ ቀሪውን በእጄ፣
ሩብ ያህሉን ነገርኩት።

ሲነጋጋ ሞከርነው፤
የዘፋኟ ቃል ቁልጭ ብሎ ቆርቆሮውን መታ።
ሰባት ብሎን መለስን፤ ስምንተኛው አልተገኘም።
«ይቅር» አለ ቢጁ፣
«ትተንፍስበት።»