ሀረጎ ማለት

ሰኔ ገባ፤ ወንድሜ ይመር አሥራ ስምንት ሞላው፤
ቢራቢሮ የተሳለበት የሕፃናቱ በር "አላውቅህም" አለው።
ካርዱን የያዘችው ልጅ ከመስታወት ኋላ ቀና ብላ አይታ፣
"ጢም አብቅሏል እኮ! የአዋቂ ክፍል ነው" አለችኝ በእርጋታ።

ጢሙን የምላጨው እኔ ነኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ፣ በሞቀ ውሃ፣
እሱ ፌርማታ ሲጠራ፦ አራዳ... ፒያሳ... ቧንቧ ውሃ።
ቃሉ ሁሉ የታክሲ ነው፤ ካባታችን ሚኒባስ፣ ከኋላ ወንበር የለቀመው፣
በገዛ ሰዋስው የሰፋው፣ የጠቀመው።
"ወራጅ አለ" ማለት፦ ጩኸቱ በዛብኝ፣ ብርሃኑ ወጋኝ።
"ሒሳብ" ማለት፦ ራበኝ።
"ሙሉ ነው" ሲል፦ ዛሬ አትንኩኝ።
"ሀረጎ" ግን፣
ሀረጎን ለመፍታት ሦስት ክረምት ፈጀብኝ።

አምና መንጋጋውን በቡጢ ሲመታ፣
ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ጠዋትም ማታ፣
በየደጁ ያሉን አንድ ነው፦ "ጠባዩ ነው፣ ኦቲዝሙ ነው፣ ምን ይደረጋል?"
አንዱ ማስታገሻ ጨመረለት፤ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይዞራል።
ጥርስ ነበር።
በግራ፣ ከታች፣ መጨረሻው፤ ውስጥ ውስጡን የበሰበሰ፣
"አፍህን ክፈት" የሚል አንድ ሰው አጥቶ ሦስት ወር ያለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ያዝኩ፤ ባለ ካሬ፣ የሒሳብ ደብተር።
ኮምቦልቻ ሌሊት ፈረቃ ስገባ እማዬ በስልክ ትነግረኛለች፤
ጠዋት ሰርቪሱ ውስጥ እጽፈዋለሁ፣ ጥጥ እጄ ላይ እንደተጣበቀ።
ቀይ እስክሪብቶ፦ የጣለው ቀን፤ ስንት ደቂቃ፤ ከንፈሩ ጠቆረ ወይ።
ሰማያዊ፦ እንቅልፉ፤ ወይም የኛ አለመተኛት።
አረንጓዴ፦ ሆዱ፤ ሽንት ቤት የገባበት፣ ያልገባበት።
"ይኼም ይጻፋል?" ትላለች እማዬ፣ በስልክ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።
ይጻፋል። ከጀርባው ሽፋን ላይም የታክሲው መዝገበ ቃላት አለ።

የአዋቂዎቹ ክፍል ቢራቢሮ የለውም።
አግዳሚው ብረት ነው። አምፖሉ ይጮኻል፤
እኔ አልሰማውም፣ ይመር ይሰማዋል።
ከወረባቦ የመጡ ሽማግሌ፣ እግራቸው ያበጠ፣
"ጎረምሳ ጆሮውን ይዞ ይቀመጣል?" አሉት።
"ሙሉ ነው" አላቸው።
"እኔማ ቁርስም አልቀመስኩ" ብለው ፈቀቅ አሉለት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጫማው ጭቃ ነክቶታል።
እኔን አላየም። እሱን ጠየቀው፦
"ይመር፣ የት ጋ ነው የሚያምህ?"
በዚህ ሁሉ ዓመት፣ በዚህ ሁሉ በር፣ እሱን የጠየቀ አልነበረም።
ጉሮሮዬ ውስጥ ያዘጋጀሁት መልስ እዚያው ቆመ።
"ሀረጎ" አለ ይመር፣ ግድግዳውን እያየ። "ሀረጎ። ሀረጎ።"
"ከሀረጎ ነው የመጣችሁት?"

ያንን መንገድ የወረደ ያውቀዋል፤
ከደሴ ቁልቁል፣ እንደታጠበ ጋቢ ሲጠማዘዝ፣ ሲጨመቅ።
በስድስት ዓመቱ፣ በአባቴ መኪና፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አስመለሰው።
ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆድ ስም ሀረጎ ነው፦
መጠማዘዝ፣ መውረድ፣ "አቁምልኝ" ማለት አለመቻል።

ሐኪሙ ደብተሩን ተቀበለኝ። ገለጠ። ቆየ።
ቀዩንና አረንጓዴውን በጣቱ አገናኘ፦
ሆዱ በታሰረ በአምስተኛው ቀን ክኒኑን ይተፋል፤
በሰባተኛው ይጥለዋል።
ሁለት ዓመት ሙሉ በሁለት ቀለም ጽፌው
አንድ ላይ አላነበብኩትም።

መዳን አልተባለም። አራት ቀጠሮ ተሰጠን፣
ለነርቩ ሌላ ሕንፃ፣ ለሆዱ ሌላ፣ ለጥርሱ ሌላ ሠፈር፤
እንቅልፉን ማን እንደሚያይ እሱም አላወቀም፤
ሰውዬው ግን አንድ ነው፤ አንድ ጃኬት ነው የለበሰው።
"አንተስ ስትዛወር?" አልኩት።
መልስ አልሰጠኝም። ንጹሕ ወረቀት አወጣ፣
"ለሚቀጥለው ሐኪም" ብሎ ጀመረ፤ ከሽፋኑ ላይ መገልበጥ ያዘ፣
ሒሳብ... ሙሉ ነው... ሀረጎ...

"ወራጅ አለ" አለ ይመር።
ሐኪሙ ወደኔ አልዞረም።
ተነሥቶ አምፖሉን አጠፋና
በመስኮቱ ብርሃን ጽሑፉን ቀጠለ።