ስንት ዋት?

በድሮ ፊዚክስ ደብተሬ፣ በመጨረሻው ገጽ፣
ሦስት ወር ስጽፍ፣ ሦስት ወር ስሰርዝ፣
ስደምር፣ ስቀንስ፣ ስደልዝ፤
ፕሮሰሰሩን ባገዝፈው ግራፊክስ ካርዱ ይከሳል፣
ካርዱን ባወፍረው ራሙ ያለቅሳል።
ያለኝ ሰባ ሁለት ሺህ ብር፤
ክረምቱን ኮምቦልቻ፣ ብየዳ ቤት፣
መስኮት ስበይድ፣ የግቢ በር፣
ማታ ዓይኔን አሸዋ እንደበተኑበት
ሲቆረቁረኝ ያጠራቀምኩት።

እናቴ ሰማች።
«የምን ኮምፒውተር?»
«የጨዋታ» ስላት፣
«የጨዋታ ኮምፒውተር!
ወሎ ተወልደህ ጨዋታ በብር?
ምነው፣ ሰው አለቀ እንዴ በዚህ ሰፈር?»

ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣ የአረቡ ሱቅ፣
ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅ።
ዝርዝሬን አነበበ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
እንደ ሐኪም ዝም ብሎ።
ቆይቶ፣ «ፓወር ሰፕላይህ ስንት ዋት ነው?» አለ።
«እሱማ... ርካሽ ካለ...»
ሳቀ። «ሙሽራዋን በወርቅ አንቆጥቁጠህ
አንካሳ በቅሎ ላይ ልትጭናት ነው፣ ልጅ ይማም?
የደሴን መብራት አጥተኸው ነው?
ሲሄድ አይሰናበት፣
ሲመጣ በር ሰብሮ ነው የሚገባ ቤት።»
ከመሳቢያው አንድ ካርድ አወጣ፤ ጥጉ ጠቁሯል።
«የሆጤ ልጅ ነበር፤ አሥራ አንድ ቀን ተጫውቶበታል።»
አሸተትኩት። የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል።

እዚያው ቆሜ ካርዱን በአንድ ደረጃ ዝቅ አደረግሁ፤
ከሠርግ ጥሪ የወዳጅ ስም እንደመፋቅ ነው፤ ምን ልበል፣ ፋቅሁ።
በተረፈው ባለ ስድስት መቶ ሃምሳ ዋቱን፣
እንደ ድንጋይ እጅ የሚሞላውን፣ ከባዱን።
ራሙ ከባንክ ቤት ጡረታ የወጣ ነው፤
የስንቱን ሰው ዕዳ ሲያስታውስ የኖረ፣
አሁን እኔን ሊያጫውት ተቀጠረ።
«ማቀዝቀዣስ?» አለኝ።
«ለደሴ? መስኮት ከከፈትኩ የጦሳ ንፋስ በነጻ ነው።»
«ጉሙስ? ጉም እኮ ውሃ ነው።»
ገዛሁ። አንዲት።
ባለ ቀለም መብራቷን ሳይሆን ጥቁሯን።

ሳጥኑን ግን ማንም አይሸጥልኝም፤
ከኮምቦልቻ በተረፈ ላሜራ እኔው ቆረጥኩ፣ እኔው በየድኩ፤
አንዱ ጥግ አልገጥም ብሎ
እስከ ዒሻ ሶላት ሞረድኩ።

ሐሙስ ማታ ሉባባ ወደ ሳጥኑ ሆድ በስልኳ እያበራች
ሽቦ ከሽቦ አገናኘሁ፤ እጄ ላብ ብቻ፣
ብሎኑ ከጣቴ እየሾለከ።
ቁልፉን ተጫንኩ። ስክሪኑ ጥቁር።
ደግሜ ተጫንኩ። ጥቁር።
ሰባ ሁለት ሺህ ብር፣ ጥቁር።
«ይቺ ቀና አላለችም» አለች እህቴ፣ በጣቷ ነክታ፤
ያው ባንከኛው ራም ነው። ገፋ ሳደርገው ጠቅ አለ፤
ነጭ ፊደል ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ፈሰሰ፤
እልልታዋን በመዳፏ አፈነችው።

«አሁን ምን ልትጫወት ነው?»
እሱን አላሰብኩም።
በደብተሩ ገጽ ሁሉ፣ በሦስት ወር፣
የአንድ ጨዋታ ስም አልነበር፤
የሚገዛበትም ብር።

ይህን ስናወራ መብራቱ ሄደ፣ እንደ ልማዱ፣ ሳይሰናበት።
ማቀዝቀዣዋ ብቻ በጨለማው ውስጥ
ሹው... እያለች ትንሽ ዞረች፣
በያዘችው ጉልበት፣
ቀስ፣
ቀስ አለች።
እናቴ ከጓዳ፦ «ይማም፣ ተጫወትክ?»
«ገና ነኝ» አልኳት፣
እጄን ላሜራው ላይ አድርጌ። ሞቆ ነበር።