የመሃል ቤት

«ሁለት እግር አለኝ ብለህ ሁለት ዛፍ አትውጣ»
ይላል የሚመክር፤ እኛ ሌላ ዛፍ ከየት እናምጣ?
የኔ ሥራ ግላስጎው ነው፣ ከሕሙማን አልጋ ዳር፣
የሩሪ ኤድንብራ፣ ከአሮጌ መዝገብ ጋር።
አንድ ማታ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ
የሹራብ ክር አነሣ፣ ከከተማ ከተማ ጎትቶ
ለሁለት አጠፈው።
እጥፉ ያረፈባት
አንዲት ጠብታ መንደር፣ የጀልባ ቦይ የሚያልፍባት፤
አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ ጣቢያ፣
ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ አንደኛው ዛሬ የምንጣፍ መሸጫ።
«እኩል ነው» አለኝ ሩሪ፣ «ለማንም አያደላ።»
እኩል ቅርብ ማለቱ ነው። እኔ የሰማሁት ሌላ፦
እኩል ሩቅ።
አፌን ዘግቼ ክሩን ጠቀለልኩ።

ቅዳሜ ልናይ ሄድን። ዝናቡ በጎን ይመጣል፤
እኛ አገር ዝናብ ከመውረድ መሻገር ይመርጣል።
ሚስስ ጊልክሪስት ከፈተች፤ ሰማንያ ሊሞላት፣
ሹራቧን ስትቆልፍ አንድ ቁልፍ ያመለጣት።
ቤቱን አላወደሰችም፤ ገመናውን ዘረዘረች፦
«ይህ ቧንቧ በጥር ያኮርፋል፤ ይህ መዝጊያ» አለች፣
«በትከሻ ካልገፉት አይሰማም፣ ልክ እንደ ዱገል።»
ዱገል ባሏ ነበር። ኮቱ አሁንም ከበሩ ኋላ
ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች፣ እኛም ተከተልናት፤
ከቤቱ ሁሉ የምትኮራበት ሁለት መስኮት ነበራት።
«ሲመሽ በዚህ በኩል ደመናው ይቀላል፤ ግላስጎው ነው።
በዚያኛው ፈዘዝ ይላል፤ ኤድንብራ የሚያበራው።
እኔ ምዕራብ ነበር የምሠራ፣ ከክር ፋብሪካው፤
እሱ ምሥራቅ፣ ከቢራ ጠመቃው።
ግን ይሄኛው፣ የምዕራቡ፣ የሱ መስኮት ነበር፤ ያኛው የኔ።
አሁን ሁለቱም ለኔ።
ለአንድ ሰው በዛ።»
ሩሪ የግድግዳውን እርጥበት በጥፍሩ ይፍቃል፤ አልሰማትም።

ዋጋው በፖስታ ነው፤ ታሽጎ ነው የሚሰጠው፣
አርብ እኩለ ቀን ላይ ባንድነት የሚከፈተው።
ማን ስንት እንደ ጻፈ የሚያውቅ የለም።
«ክብ ቁጥር አትጻፉ» አለ ጠበቃችን እየሳለ፣
«ክብ ቁጥር የሰነፍ ነው።»
ስለዚህ ከቁጥሩ ጫፍ ላይ
ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ፓውንድ ጨመርኩበት፣
የሁለት ሌሊት ደመወዜን፣
አንድ ሽማግሌ እጄን ይዞ እስከ ንጋት ያደረበትን።

ስልኩ ሲጮህ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ነበርኩ።
«የእናንተ ሆኗል» አለኝ። የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።
በስንት እንደ በለጥን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።
«በብዙ ነው፣ ተታለናል» ይላል ሩሪ፤ እኔ አልስማማም፦
በሦስት መቶ አሥራ ሰባት ነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ባንድ ጃንጥላ ወጥተን
ከጣቢያው ስንደርስ እንለያያለን፣ ድልድዩን እሱ ተሻግሮ፣ እኔ ቀርቼ።
ሐዲዱ መሃላችን። እሱ ሳንድዊቹን ከፍ ያደርጋል፣ እኔ ጓንቴን።
እዚህ የማይቆመው ፈጣን ባቡር ሲያልፍ
እስከ አሥራ አንድ እቆጥራለሁ፤
እስከ አሥራ አንድ ባል የለኝም።
ሲያልፍ ደግሞ አለ፣
ያው ሳንድዊቹን ይዞ፣ ፀጉሩ በነፋስ ተበትኖ።

ትናንት አመሸሁ። የመጨረሻው ባቡር አወረደኝ፤
ዳገቱን ስወጣ ዝናቡ በጎን እየገፋኝ
ቀና ብል፣ ከላይኛው ፎቅ፣ ከምዕራቡ መስኮት
ሩሪ ቆሟል፤ የጥርስ ብሩሹን ከአፉ ረስቶት።
«ምን ታያለህ?» አልኩት ጫማዬን ሳላወልቅ።
ተጉመጠመጠ። ፎጣ ፈለገ።
«ደመናውን» አለኝ፣ «ዛሬ ቀላ ብሎ ነበር።»

እርጥብ ካፖርቴን
ከዱገል ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።