ሰኔ ሠላሳ

ጣና ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ በቆመበት፣
የክልሉን ገንዘብ በየመደቡ የምለይበት
ወንበር አለኝ። አንድ እግሩ ያጥራል፤
ካርቶን አጥፌ ደግፌዋለሁ። ይበቃል።

በመጋቢት ማለቂያ፣ ከምሳ መልስ፣
በዘጌ በኩል ጭስ ቆመ።
«ዝናብ መጣ» አለ የመዝገብ ቤቱ ሰው፤
ቀጥሎ ዝም አለ።
ማታ ባሕር ዳር ላይ አመድ ዘነመ፤
ካሰጣሁት አንሶላ ላይ አንድ የቡና ቅጠል
ጥቁር ሆኖ፣ ቅርጹን ይዞ አርፎ፣
ስነካው በነነ።

ሦስት ቀን። ማር ቆራጭ የተወው ችቦ ነው አሉ፤
ሌላ ነው ያሉም አሉ።
ያገሩ ጀልባ ሁሉ ጀሪካን ጭኖ ሄደ፤
በሦስት ወገን ውሃ ከቦት ሳለ
ጫካው ነደደ።

እርዳታው ፈጠነ፤ አልዋሽም።
ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ብርድ ልብሱ፣
ካሜራውም አብሮ በመርከቡ፤
«አስቸኳይ» ከሚለው መደብ ስር
በሳምንት ተዘጋ መዝገቡ።
አመድ ግን አይወራረድም።

በግንቦት ቅጽ ይዤ ተሻገርሁ።
ማረሻ በማያውቅ መሬት፣
ሰዉ ጌሾ ቆርጦ፣ ቡናና ሎሚ ለቅሞ ባደረበት፣
ጉቶ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ አገኘሁ።
ጫማዬ ጥቀርሻ እየጠጣ እስክሪብቶዬን ከፈትሁ።
«ስም?»
«ቢያድግልኝ።»
«የአባት?»
«መኩሪያው።»
«የወደመው ንብረት በስንት ጊዜ ይተካል?»
ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ፦
«ጌሾው በሦስት ዓመት ይቆረጣል፤
ቡናው በአምስት፣ ያውም ጥላ ካገኘ፤
ጥላው ዋንዛ ነው፤ ዋንዛው ደግሞ...»
ጣታቸውን ተዉት። ወደ ልጃቸው ልጅ አዩ፤
ትርንጎ፣ የሰባት ዓመት፣
በከሰል ሰኞ ማክሰኞ አስምራ ባንድ እግሯ ትዘላለች።
«የዋንዛውን እሷን ጠይቂያት» አሉኝ።

ቅጹ ላይ ያለው ሣጥን አንድ ነው፤
«የበጀት ዓመት» ይላል፤
ከሐምሌ አንድ እስከ ሰኔ ሠላሳ።
የትርንጎ እንኳ ሰባት ሣጥን አለው።

ገንዘቡ ጸደቀ። እውነት ነው፣ አጨበጨብን።
ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ኮሚቴ ተሰየመ፣
ሰብሳቢው ሥልጠና ሄደ፣ ቃለ ጉባኤው ከረመ፣
ሰኔ ሃያ ስምንት ደብዳቤው ታተመ።
ችግኝ ጣቢያው ደወለ፦ «ገና ሁለት ቅጠል ነው፤
ሐምሌ መሬቱ ሲጠጣ እንጂ
አሁን ብታወጪው ይሞታል።»
ፋይናንስ ደወለ፦ «እስከ ሠላሳ ያልተከፈለ
ወደ ካዝና ይመለሳል።»
ዝናብና ካዝና በአንድ ሌሊት ተላለፉ፤
አንዱ ሊከፈት ሲል አንዱ ተዘጋ።

ሠላሳው ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ብርሃን፣
«አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ችግኝ
ቆጥሬ ተረክቤአለሁ» ብዬ ፈረምሁ።
አንዱንም አላየሁ።
በመንግሥት ወረቀት ላይ የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው።
(እሺ፣ የውሎ አበሉም አለ።)

ዘንድሮ ኦዲተሩ መጣ። ሦስት ፎቅ ወጥቶ፣ እያለከለከ፣
ካርቶን የደገፈው ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።
«ዛፎቹ የታሉ?»
«አሉ። ገና ከጉልበትዎ በታች ናቸው።»
«የሁለተኛው ዓመት ውሃ ማጠጫስ? የሦስተኛው ኩትኳቶ?»
«መደብ የለውም።»
ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈው አላሳየኝም።
ከዚያ ጣቱን በዝርዝሩ ላይ እየነዳ
የተረካቢዎቹን ስም ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፦
«ተራ ቁጥር አንድ፣ ቢያድግልኝ።»
«አልሰማሁም» አልሁት።
«ቢያድግልኝ» አለ፣ ደገመው።

መስኮቱ ክፍት ነበር።
በዘጌ በኩል አንድ ግራጫ ነገር ቆሟል፤
ደመና ይሁን ሌላ
ለማየት ተነሣሁ።