ከመጋዙ በፊት

ፖዝናን ከተማ፣ ቪልዳ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ግራጫ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሰማይ፣
እኔ ቪቶልድ፣ የትራም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣
ወገቡን ይዞት ሁለት ሳምንት የተኛ፣
ጎተትኩት ከቁም ሳጥን ሥር የልጅነቴን መጫወቻ፤
እንደ አጫሽ ጥርስ ወይቧል፤ ደህና የቀረው ሳጥኑ ብቻ።

አባቴ ነው የገዛው፣
ዕቃ ሁሉ በታጣፊ አልጋ ላይ በሚቸረቸርበት ዘመን፤
ሦስቴ ቆጥሮ ከፈለ፣ አራተኛ ቆጠረ፣ ጣቱን ሳያምን።
አንድ ማታ እሱም ሞከረ፤
ጆይስቲኩን ወደ ግራ ሲያዞር መላ አካሉ አብሮ ዞረ፣
እናቴ በሳቅ ፈረሰች፤ ከዚያ ወዲያ ለእኔ ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ድርግም አለ።
ብጫነው፣ ብመታው፣ ባባብለው ትንፍሽ አላለ።
"ነፍስ ይማር" አልኩና ከቁም ሳጥን ሥር ቀበርኩት፤
ዘንድሮ፣ ሥራ ፈትቼ፣ መቃብሩን ቆፈርኩት።

ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ ቤቱ ይቆይ፣ ነዋሪው ይለወጥ፤
በዚያ ጠባብ ሆድ ውስጥ አዲስ ኮምፒውተር ይቀመጥ።
ካቻቢቴ ይዤ አራቱን ብሎን ፈታሁ፤
አቧራ፣ የድመት ፀጉር፣ ዋጋ ያጣ ሳንቲም አገኘሁ፣
አንዲት የወተት ጥርስም፤
ካሴት በሚጎርሰው አፍ የገባች፤ የማን እንደሆነች አላስታወስኩም።
ጠረግኩ። ነቀልኩ። ለካሁ። አዲሱ ማዘርቦርድ በሁለት ጣት ይበልጣል፤
"እንግዲህ" አልኩ፣ "መጋዝ ይፈርዳል።"

ትራፓኖው ሲያጓራ፣ ፕላስቲኩ ያረረ ወተት ሲሸት፣
ወይዘሮ ጌኖቬፋ ከታች፣ ኮርኒሷን በመጥረጊያ እንጨት፦
"እሁድ ነው፣ ቪቶልድ! እግዜር እንኳ አረፈበት!"

ሦስት ሌሊት ሞረድኩ፣ በየድኩ፣ ሽቦ አሳጠርኩ።
ቀዩን ቁልፍ፣ ያንኑ ቀይ ቁልፍ፣ ተጫንኩ፤
ማራገቢያዋ አንዴ አስነጠሰችና ዞረች፤
ስክሪኑ በራ።
ካሊና ግን ቀና አላለች።
ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የተጣለውን ቦርድ ጭኗ ላይ አድርጋ
በአጉሊ መነጽር ትመረምራለች።
"አባዬ፣ በዚህች ብርጭቆ ውስጥ ያለችው ፀጉር ለምን ተበጠሰች?"

ፊውዝ።
ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ፣ ከትራም ቲኬት የምትረክስ።
እኔ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ትራም ቀጥ ባለ ቁጥር፣
"መጀመሪያ ፊውዙን እዩ!" እያልኩ ለማጅ ስመክር!

የሁለት ደቂቃ ብየዳ። ራቁቱን ቦርድ ጠረጴዛ ላይ፤
ያው ዜማ፣ ያው ዝላይ፣ ያው ሰማያዊ ሰማይ።
አልሞተም ነበር። ተኝቶ ሳለ ነው ቤቱን ያፈረስኩት፤
እንግዳውን ሳሎን፣ ባለቤቱን በጫማ ካርቶን ያስቀመጥኩት።

ለአባቴ ደወልኩ፣ ግኒዬዝኖ፤ ተናዘዝኩ ሳልደብቅ።
ዝም አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቁጣውን ስጠብቅ፣
"ጥርሷስ?" አለኝ። "ውስጡ አገኘሃት? ያኔ
ስትወልቅልህ ሌሊቱን ሙሉ ፈለግናት፣ እናትህና እኔ።"

ማፈሻውን አየሁት። ባዶ።
የቆሻሻ መኪና ሐሙስ ማለዳ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ ማታ።
እሷ በፒጃማ፣ እኔ በነጠላ ጫማ፣
አራቱን ፎቅ ሮጠን ወረድን በጨለማ።
ወገቤ ትዝ ያለኝ ግማሽ አካሌ ገንዳው ውስጥ ከገባ በኋላ፤
"ወደ ግራ! ወደ ግራ!" ትላለች ካሊና ባትሪውን ይዛ፣
መላ አካሏ እየዞረ፣ ከኋላ።