ወሰኔ

ባሕር የለንም እኛ፤ ባሕሩ መጣልን
በጭነት መኪና፣ ከጅቡቲ ተጭኖ፤
ቦንሳ ከጋቢናው፣ ከመቀመጫው ሥር
በላስቲክ ቋጥሮ፣ በጃኬት ሸፍኖ።
ፍራንኮ ሲደርስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ጥሩምባም አልነፋ፤ በሩን ነካ ነካ፤
"እንቺ ዕቃሽን፤ ነፍሱ አለች እስካሁን፤
ግን ተጠንቀቂው፣ ክፉ ነው ለካ።"

ቁመቱ አውራ ጣት፣ ገላው ሰማያዊ፣
ጭራው ብቻ ቢጫ የነከሩት ይመስላል፤
ሜትር ከሃያውን የመስታወት ገንዳ
አንድ ዙር ዞረና "የግሌ ነው" ይላል።
ወሰኔ አልኩት።

ሃያ ሁለት ዓመት ቀያሽ ነበርኩ እኔ፤
ሜትር ጎትቻለሁ በአዳማ አቧራ፣ በጥር ነፋስ፤
ክንድ በማትሞላ መሬት
ወንድም ወንድሙን ሲያሳስር ቆሜ አይቻለሁ።
ይሄን ዐይን ዐውቀዋለሁ።

ውኃውን ከየት ታመጪያለሽ ይሉኛል።
የቧንቧችን ጥርስ ያበልዛል፤
የባትሪ ውኃ ነው የምገዛው፣ በጀሪካን፣ ከጎማ ቤት፤
ባለሱቁ ሙዘይን "ስንት መኪና አለሽ?" ይለኛል።
አንድም የለኝ።
ባሕር ነው ያለኝ፤
ጨዉን በጥብጬ፣ ለክቼ፣ ቀምሼ፣
ሲጎድል ጨምሬ፣ ሲበዛ ቀንሼ።

ከሱ በፊት ነጭ መቀነት የታጠቁ
ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ነበሩኝ።
በሦስተኛው ቀን የአንዷ ክንፍ ተተልትሎ
ከማሞቂያው ጀርባ ቆማ አገኘኋት፤
ሌላው ከላይ፣ ከውኃው ከንፈር ሥር፣
መሬቱን እንደተነጠቀ ሰው፣ ሰማይ ተጠግቶ ያድራል።

ጥጋብ ነው መድኃኒቱ ብዬ ነበር መጀመሪያ፤
ደጋግሜ አበላሁት።
ለካ ጥጋብ ጥጋብን ይወልዳል።

መስታወት አቆምኩ ከገንዳው ጎን፤
ራሱን አየና ከራሱ ተጣላ፤
ሲዋጋ፣ ሲዋጋ ቀኑ መሸበት፤
ያን ዕለት ሌላው ሁሉ በሰላም በላ።
ማታ ግን መስታወቱን አነሳሁ፤
ማንም ቢሆን፣ ራሱን አንድ ቀን ሙሉ ማየት ይበቃዋል።

ከዚያ አሰርኩት።
በፓስታ ማጥለያ፣ ከገንዳው መሃል፣ አራት ቀን።
ብርቱካኖቹ መጀመሪያ በሩቁ፣ ኋላ ቀረብ እያሉ
በርስቱ ላይ ሲመላለሱ
በቀዳዳው ያያል።

በአራተኛው ሌሊት መብራቱን አጥፍቼ፣
እጄን እስከ ክንዴ ጨው ውኃ ነክሬ፣
ዋሻውን አፈረስኩ፤ የግራውን ድንጋይ
ወደ ቀኝ ወሰድኩት፣ የታቹን ወደ ላይ፤
በጨለማው ፈታሁት።
ሲነጋ፣ ወሰኔ ወሰኑን አጣው።
ዞረ። ዞረ። ማንን ከየት እንደሚያባርር ጠፋው።

እንዲህ ቀላል ነው፣ ካርታ ለሌለው።

በዚያው ሳምንት መብራት ሄደ፣ ስድስት ሰዓት።
ፓምፑ ዝም አለ፤ ሁሉም ወደ ላይ ወጡ፣ አሳዳጁም ተሳዳጁም፣
አንድ አየር ሊሻሙ።
እኔ በብርጭቆ ቀድቼ ከላይ እመልሳለሁ፣ ክንዴ እስኪዝል።
ከግንቡ ማዶ የወንድሜ የየሺጥላ ጄኔሬተር ያጓራል፤
ብየዳ ቤት አለው። የአባታችንን ግቢ የለካሁት እኔ ነኝ፤
ችካሉን የመታሁት እኔ፤
ከዚያ ወዲህ ስድስት ፋሲካ
"እንኳን አደረሰህ" አልተባባልንም።

ስሙን ጠራሁ። ጄኔሬተሩ ብቻ የሰማኝ መሰለኝ።
ቆይቶ፣ በግንቡ ጫፍ፣ በጠርሙስ ስብርባሪው መሃል
የኤሌክትሪክ ገመድ ወረደ።
"ገመዱ ነው የተሻገረው፤ ደንበሩ እዚያው ነው" አለ።
"ዐውቃለሁ" አልኩት፣ "የለካሁት እኔ ነኝ።"

ገመዱ እስካሁን ግንቡ ላይ ነው፤
አልመለስኩም፣ አልጠየቀም፤ ልባሱን ፀሐይ ሰነጣጥቆታል።
ወሰኔም አዲስ ወሰን አበጅቷል፣ ከቀኙ ድንጋይ ጥግ።
ትናንት ሜትሬን አውጥቼ በመስታወቱ ላይ ለካሁት፤
ከድሮው አርባ ሳንቲ ሜትር ይጎድላል።

አልነገርኩትም።